ኤሮ መሪ፦ ለዳገት ምቹ፣ ለኮረኮንች አስቸጋሪ

ኤሮ መሪ፣ ማለትም ነፋስን ለመሰንጠቅ የላይኛው ክፍሉ እንደ ክንፍ ጠፍጣፋ የሆነው የእሽቅድምድም ብስክሌት መሪ፣ ዳገት ላይ ይመቻል፤ የመዳፍ ጫና በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ኮረኮንች ላይ ግን ጣት ዙሪያውን አጥብቆ ስለማይዘው ያንሸራትታል፣ በተለይ ፋሻ ካልተጠቀለለበትና እጅ ካላበው።

ዋናው ፍጥነት የሚገኘው ከአያያዝ ነው፦ እጅ የፍሬኑ መያዣ ላይ፣ ክርን 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ ክንድ ከመሬት ትይዩ። ትከሻን ቢያደክምም ይሠራል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ በመዳፉ ውጫዊ ጠርዝ በኩል ያለው ነርቭ ተጭኗል፤ አያያዝን ቶሎ ቶሎ መቀያየር ይረዳል። መሪውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጥቂት ዲግሪ አዙሮ ማሰርም ይሞከራል፤ ክንፉ ግን አብሮ ስለሚዞር ጠርዙ መዳፍን ሊቆረቁር ይችላል። ለክብ ቱቦ የተሠራ የመብራት ማሰሪያ አይገጥመውም። ክንድን መሪው ላይ አስተኝቶ መንዳት ደግሞ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) የጎዳና ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው።