ክረምትን ከልጆች ጋር በኢትዮጵያ ለማሳለፍ፦ የ30 ቀን ቪዛ፣ የ90 ቀን ቪዛ ወይስ ቢጫ ካርድ?

የውጭ አገር ፓስፖርት የያዙ ልጆቻቸውን ይዘው የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ በአያቶች ቤት ለማሳለፍ ያሰቡ ወላጆች፣ ከአውሮፕላን ትኬቱ ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ውሳኔ የመግቢያ ፈቃዱ ነው። የትምህርት ቤቱ ዕረፍት አሜሪካ ውስጥ ዐሥር ሳምንት ገደማ፣ እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ሳምንት ያህል፣ እስራኤል ውስጥ ደግሞ ሁለት ወርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እነርሱ በጋ የሚሉት ወቅት እኛ ዘንድ ክረምት መሆኑ፣ ልጆቹም ጃንጥላና ቦቲ ጫማ እንደሚያስፈልጋቸው መዘንጋት የለበትም። ለፈቃዱ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ይህ የዕረፍት ጊዜ ከ30 ቀን የሚበልጥ፣ ከ90 ቀን የሚያንስ መሆኑ ነው።

አማራጮቹን ከማነጻጸር በፊት ከቤተሰቡ አባላት መካከል ፈቃድ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ መለየት ይገባል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ አባት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው እንደ ውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ በግሪን ካርድ የምትኖርና የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን ያልለቀቀች እናት ግን ቪዛ አያስፈልጋትም፤ እዚያ ተወልደው በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዙት ልጆቿ ግን ያስፈልጋቸዋል። ለቤተሰብ ተብሎ በአንድነት የሚሰጥ ቪዛ የለም። የታቀፈ ሕፃን እንኳ የራሱ ፓስፖርትና የራሱ ቪዛ ሊኖረው ስለሚገባ፣ አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ የልጆቹን ክፍያ በአራት አባዝቶ ማስላት አለበት።

የ30 ቀኑ የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት የሚጠየቅ፣ ከሦስቱ በዋጋ ዝቅተኛው ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለሁለት ሳምንት ጥየቃ ለሚመጣ ሰው ይበቃል፤ ለረጅም ዕረፍት ግን አልመክረውም። ዕድሜው መቆጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ላይ ከተሞላው የመግቢያ ቀን በመሆኑ፣ ልጅ ታሞ ጉዞው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ያ ሳምንት ከቪዛው ላይ ይቀነሳል። «እዚያ ደርሰን እናራዝመዋለን» የሚለው ሐሳብም በወረቀት ላይ ርካሽ ቢመስልም፣ ማራዘሚያው ቪዛው ሳይቃጠል በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት መጠየቅ ያለበት፣ ተጨማሪ ክፍያ ያለውና ወረፋ የሚያስጠብቅ ነው፤ ቤተሰቡ በዚያ ሳምንት ጎንደር ወይም ሐዋሳ ከሆነ ደግሞ ዕረፍቱ ከመሐል ይቆረጣል። ጊዜው ካለፈ በኋላ መውጣት የቅጣት ክፍያና የመውጫ ቪዛ ይጠይቃል።

የ90 ቀኑ ቪዛ የሚጠየቀው በዚያው መንገድ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን የትምህርት ቤቱን ዕረፍት ከነመዘግየቱ ይሸፍናል። አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ልጆቹን ዛንዚባር ወይም ናይሮቢ ለአንድ ሳምንት ወስዶ መመለስ ያማረው ቤተሰብ፣ ሲመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህንን በዋናው ትኬት ላይ የዱባይ ጉዞ ጨምረው ከገዙ በኋላ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ቦሌ ደርሶ ቪዛ መጠየቅም የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ከዋሽንግተን 13 ሰዓት ያህል በርሮ የመጣ፣ እንቅልፍ የነሣውን ልጅ የታቀፈ ወላጅ መስኮት ፊት ቆሞ ቅጽ ከሚሞላ ቀድሞ በኢንተርኔት ቢጨርስ ይሻለዋል።

በልማድ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ግን ቪዛ አይደለም፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የተሰጠ መብት ማረጋገጫ ነው። አዋጁ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረን የውጭ ዜጋ ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረውንም ስለሚያጠቃልል፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም የተወለደ ሦስተኛ ትውልድ ልጅ እንኳ ሊያገኘው ይችላል፤ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የያዘ ሰው ግን በአዋጁ አይካተትም። ካርዱ ያለው ሰው ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም መሥራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ግን አይፈቀድለትም። ለቤተሰብ ትርፉ ግልጽ ነው፤ ቀን መቁጠር ይቀራል፣ ዛንዚባር ሄዶ መመለስም አያስጨንቅም። ልጁ አማርኛ እንዲለምድ አንድ መንፈቅ እዚሁ ትምህርት ቤት ይግባ ቢባል፣ መሠረቱ የቱሪስት ቪዛ ሳይሆን ይህ ካርድ ነው። የሚታደሰው በየአምስት ዓመቱ በመሆኑ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ቤተሰብ ልፋቱን ያካክሳል ብዬ አምናለሁ። የትውልድ ሐረጉ ወደ ልጆቹ እንጂ ወደ ትዳር ጓደኛ ስለማይተላለፍ፣ ኢትዮጵያዊ ዘር የሌለው ባል ወይም ሚስት ጉዳይ በጋብቻ ማስረጃ ለብቻው የሚታይ ነው።

የካርዱ ችግር ወረቀቱ ላይ ነው፤ ከወረቀቱም ስሙ። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ልጅም የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የውጭ አገር ፓስፖርት ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚለው ሣጥን አለውና፣ የልጁ መጨረሻ ስም የአያቱ፣ የአባቱ መጨረሻ ስም የቅድመ አያቱ፣ የእናቱ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሦስቱ ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናውን የሚያሳይ ምንም ነገር የላቸውም። በመሆኑም የሁለቱም ወላጆች ሙሉ ስም የሰፈረበት የልደት ምስክር ወረቀት ለካርዱ ማመልከቻ ብቻ ሳይሆን በጉዞም ላይ በእጅ ሊኖር ይገባል፤ አንዱ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላኛው የፈቃድ ደብዳቤ በሕግ ፊት ተረጋግጦ ቢያዝ መልካም ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው፤ የእናት የድሮ የቀበሌ መታወቂያ 1972 ሲል የውጭ ፓስፖርቷ 1980 ቢል፣ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር እንጂ የሰው ለውጥ አለመሆኑን በትርጉም ወረቀቱ ላይ ማስረዳት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት ቪዛው ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ስሙን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል መሙላት ብቻ በቂው ነው።

በየትኛውም አማራጭ የልጁ ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው መሆን አለበት። ከ16 ዓመት በታች ላሉ የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የራሱን የ10 ዓመት ፓስፖርት አይቶ የተረጋጋ ወላጅ የልጁ ማለፉን ዘግይቶ ሊያውቅ ይችላል። ቪዛው ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑም ቅደም ተከተሉ ፓስፖርት ማደስ፣ ከዚያ ማመልከት ነው።

የሚመለሱበት አገር ፈቃድም ይታሰብ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ተራ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከ180 ቀን በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚነሣ ደግሞ የመውጫና የመመለሻ ቪዛው ሳያልፍ ወደዚያው ተመልሶ መግባት አለበት። በግሪን ካርድ የሚኖር ወላጅ ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ከራቀ፣ ለዜግነት ሲያመለክት ጥያቄ ይነሣበታል። ቢጫ ካርድ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ገደብ ቢያስቀምጥም እነዚህን ቀኖች አያስቆማቸውም።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ጉዞው ሁለት ወር ከቀረው፣ ሰነዱም ገና ካልተሰበሰበ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ የ90 ቀን ቪዛ ይወሰድ። አዲስ አበባ ሲደረስ የአያት የድሮ ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀትና መታወቂያ ከሣጥን ወጥተው ቅጂያቸው ይያዝ፤ በመስከረም ከተመለሱ በኋላ ለቢጫ ካርዱ በየአገሩ ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማመልከት ይቻላል።