የመኪና መወዳደሪያ ወይስ ስታዲየም?

የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል የት ቢደረግ ይሻላል? እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 የቴነሲና የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በብሪስቶል የመኪና መወዳደሪያ ሲገጥሙ 156,990 ሰው ታደመ። ቴነሲ 45 ለ 24 አሸነፈ።

ወጪ፦ ስታዲየሙ ዝግጁ ነው። በብሪስቶል ግን ሜዳው ከባዶ ተሠራ፤ ከጨዋታው በኋላም ተነሳ።

እይታ፦ እዚህ ላይ ስታዲየም ይበልጣል። በብሪስቶል በሜዳውና በወንበሮቹ መካከል የመኪናው መንገድ አለ። ብዙዎች ጨዋታውን ያዩት በተሰቀለው ግዙፍ ስክሪን ነው። ለእኔ ይሄ ያሳዝናል።

ቦታ፦ የቴነሲ ቡድን ስታዲየም ኔይላንድ ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ ብሪስቶል ያስከነዳዋል።

ለየዓመቱ ጨዋታ ስታዲየም፤ ሁለት ጎረቤት ቡድኖች መሀል መንገድ ላይ አንዴ ለታሪክ ሲገናኙ ግን ብሪስቶል።