የድሮ የመታሰቢያ ማንኪያ፦ የብር ቅብ ወይስ ስተርሊንግ?

የመታሰቢያ ማንኪያ ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ይዩት። ፊቱ ላይ ያለው ሕንፃ ወይም ሐውልት ልብ ይስባል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን እጀታው ጀርባ ላይ የተመታው ትንሽ ማህተም ነው፤ ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ (የብር ቅብ) ይሁን ወይስ ውስጡም ብር የሆነ (ስተርሊንግ) የሚነግርዎት እሱ ነው።

የአሜሪካ የብር ቅብ

እዚህ የሚነግሠው ስም ሮጀርስ ነው። ዊልያም፣ አሳ እና ሲሚዮን የተባሉት ወንድማማቾች በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ የጀመሩት ማህተም እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ ሜሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ ተሻገረ። ይህ ኩባንያ በ1898 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኢንተርናሽናል ሲልቨር ሆነ፤ ስሙ ተፈላጊ ስለነበር ማህተሙን መምታት ቀጠለ። ስለዚህ «1847 ሮጀርስ ብሮስ» የሚል ጽሑፍ የንግድ ምልክት እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። «የ1847 ማንኪያ» ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እርስዎ እንደማያውቁ ገምቷል።

በ1939 ለኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የወጡት የሮጀርስ ማንኪያዎች የብር ቅብ ናቸው። በብዛት ስለተሠሩ የተፋቀውን የሚያስገዛ ምክንያት የለም፤ ደህናው ይገኛል። ቅቡ ቀድሞ የሚለቀው ጠረጴዛ በሚነካው የጎድጓዳው ጀርባና በጫፉ ነው። እዚያ ቢጫ ወይም ሞቅ ያለ ግራጫ ከታየ ብሩ አልቋል። እንደገና ማስለበጥ ብዙውን ጊዜ ከማንኪያው ዋጋ ይበልጣል፤ ከመለበጡ በፊት ስለሚወለወልም ቅርጹ ይደበዝዛል።

የአውሮፓ የብር ቅብ

በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ኤልኪንግተን የተባለው ድርጅት በ1840 በኤሌክትሪክ የመለበጥ ፓተንት ካገኘ በኋላ የተስፋፋው ዓይነት ነው። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉት የላቲን ፊደላት («በኤሌክትሪክ የተለበጠ የኒኬል ብር» የሚለው የእንግሊዝኛ አጭር መጠሪያ) በየራሳቸው ጋሻ ውስጥ ሲመቱ የእንግሊዝ የብር ማህተም ይመስላሉ። የእንግሊዝ ስተርሊንግ ምልክት የሆነው የሚራመድ አንበሳ ከሌለ አይታለሉ፦ ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፣ ብር የለበትም። ማግኔትም አይረዳም፤ ይህ ቅይጥ እንደ ብር ሁሉ አይሳብም።

በጀርመንና በሆላንድ ማንኪያዎች ላይ የሚገኘው «90» ደግሞ 90 በመቶ ብር ማለት አይደለም። 12 ትልልቅ ማንኪያና 12 ሹካ ለመለበጥ 90 ግራም ብር ይውላል ማለት ነው። «800» ግን እውነተኛ ብር ነው፣ ከሺህ 800 እጅ።

የከተማ አርማ በኢናሜል (ብረት ላይ ቀልጦ በተጣበቀ ባለቀለም ብርጭቆ) የተሠራበትን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይመርምሩ። ጫፉ ላይ የተሸረፈ ኢናሜልን ማስጠገን ውድ ነው። በሙጫ የተለጠፈ አርማ ከሆነ ሙቅ ውኃ ያላቅቀዋል።

ስተርሊንግ

92.5 በመቶ ብር። የዋሽንግተን ከተማው ጌጣጌጥ ሻጭ ጋልት በ1889 የጆርጅ ዋሽንግተንን ምስል ያለበት ማንኪያ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በማሳቹሴትስ ግዛት የሴለም ከተማው ነጋዴ ዳንኤል ሎው የጠንቋይ ምስል ያለበትን ማንኪያ አስከተለ፣ ፋሽኑም ተቀጣጠለ። ስተርሊንግ ቢፋቅም ከሥሩ ሌላ ብረት አይወጣም፤ ቢያንስ በክብደቱ ይሸጣል። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ ከጠፋ ቦታው ይሳሳል። በጣት ቀስ ብለው ይዳስሱ። አሜሪካዊ ማንኪያ «ስተርሊንግ» ካላለ እንደ ቅብ ቆጥረው ይደራደሩ።

መልሶ ለመሸጥ ለሚያስብ ስተርሊንግ ይሻላል። የከተሞችን ወይም የትርኢቶችን ተከታታይ ለመሙላት ግን ያልተፋቀ የብር ቅብ ይበቃል፤ በአንድ ስተርሊንግ ዋጋ ብዙ ይገዛል። የትኛውንም ቢመርጡ በላስቲክ (በጎማ ማሰሪያ) አያስሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን በመስመር ያጠቁረዋል። ኢናሜል ያለበትን ደግሞ በፈሳሽ ማጽጃ ውስጥ አይንከሩ።