ሞተር የሌላት የውድድር ግላይደሬ፦ ጎንደር ላይ ከወራት በኋላ

ይቺን ከመሬት ሆኜ በሪሞት የምመራት ባለ 1.5 ሜትር ክንፍ የፎም ግላይደር (ኢፒፒ የሚባለው ፎም ነው) ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ጎሃ በኩል ካለው ተረተር ላይ ሳበራት ከርሜ አሁን ዝናቡ ሲጀምር ነው እረፍት ያገኘችው። ለማታውቋት፣ ንፋሱ ዳገቱን ገጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ እሱን ተደግፋ ነው የምትበረው። አንድ ከብት የሚጠብቁ አባት «ድሮን ነው?» አሉኝ፣ አይ አባባ ሞተርም ካሜራም የላትም ስላቸው «ታዲያ ማን ይዟት ነው?» ብለው አፈጠጡብኝ።

የገዛኋት ኤፍ3ኤፍ ለሚባለው የዳገት ላይ ግላይደር የፍጥነት ውድድር መለማመጃ ነው፣ የ100 ሜትር መስመርን ወዲያና ወዲህ አስር ጊዜ ማቋረጥ፣ በድምሩ 1 ኪሎ ሜትር። በእጅ ከተወረወረች በኋላ ከፍታ ይዛ መስመሩ ውስጥ ለመግባት 30 ሰከንድ አላት። ውጭ ያሉት ጎበዞች በካርቦን ግላይደር ጥሩ ንፋስ ካገኙ ከ40 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል፤ እኛ ጫፍና ጫፉ ላይ ፌስታል ያሰርንበት እንጨት ተክለን፣ መስመሩን ስታልፍ አንድ ልጅ ፊሽካ ይነፋልናል፣ የኔ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃ በላይ ነው።

ሰዓቱን የሚበላው መታጠፊያው ነው። ፊሽካው ሲነፋ የሪሞቱን ስቲክ ሳብ ሳደርገው የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ሲለመጥ በአይኔ አየዋለሁ፣ ያጠራቀመችው ፍጥነት ሁሉ እዛው ያልቃል፣ ቀስ ብዬ ሰፋ አድርጌ ሳዞራት ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። በዛው ልስላሴዋ ግን አትሰበርም፦ ድንጋይ ላይ አርፋ አፍንጫዋ ሲጨፈለቅ የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ፣ እያየሁት ያብጥና ይመለሳል። የካርቦኗ ብትሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር የምንቀብራት።

ከፍታውን አስቡበት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ጠረፍ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 10 በመቶ ያህል ፈጥና መብረር አለባት ማለት ነው፣ ስታርፍም እንደዛው ትከንፋለች። መመሪያው የሚለውን ያህል የእርሳስ ብረት ለክብደት ስጭንባት ንፋሱ ከምሳ በኋላ ካልበረታ ቁልቁል ነው የምትሄደው፣ ግማሹ ይበቃል።

አብረዋት የመጡት ሰርቮዎች (ከሪሞቱ ትእዛዝ ተቀብለው መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ መሣሪያዎች) ግን የማይረቡ ናቸው፣ ጥርሳቸው ፕላስቲክ ነው፣ ኮሸሽላ ውስጥ ስታርፍ ረገፈ፣ ባለ ብረቱን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት። ላይዋ ላይ የተለጠፈው ቴፕም በፀሐይ ጠርዝ ጠርዙ ተላቀቀ፣ በለብታ ካውያ መልሼ ለጥፌዋለሁ።

መታጠፍ ለመልመድ ከሆነ ግዟት፣ ከማብረራችሁ በፊት ግን ሰርቮውን ቀይሩት። ሰዓት ለማሻሻል ከሆነ ብራችሁን ያዙ። እኔ ዝናቡ ሲያባራ ክንፏ ውስጥ ሁለተኛ የካርቦን ዘንግ ልቀብርባት ነው፣ ክብደት መጨመሩ አይቀርም ግን እስቲ ልየው።