ስላይድ ወይስ የታተመ ወረቀት? በሐዋሳ ለሚቀርብ የንግድ ገለጻ

ሐዋሳ ውስጥ የንግድ ዕቅዱን ለባለሀብቶች ወይም ለብድር ኮሚቴ የሚያቀርብ ሰው በፕሮጀክተር ከሚታይ ስላይድና አስቀድሞ ከሚታደል የታተመ ወረቀት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ስላይድ የታዳሚውን ዓይን በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ የሽያጭን ዕድገት በአንድ የመስመር ግራፍ ለማሳየት የሚተካከለው የለም። ይሁን እንጂ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፊ መስኮት ባለው አዳራሽ የቀን ብርሃን ምስሉን ስለሚያደበዝዘው፣ ጽሑፉን በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ማስፈርና የፊደሉን መጠን ከ28 ነጥብ (ፖይንት) አለማሳነስ ይበጃል፤ ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደላት የሚለያዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ነውና ከኋላ ለተቀመጠ ሰው በቀላሉ ይምታታሉ። ገለጻው በሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን እንዳይለወጥ ይከላከላል።

ወረቀት መብራት ቢጠፋም ይነበባል፤ የገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥንም ያለ ችኮላ ለመመርመር ያስችላል። የኢንተርኔት መገበያያው የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በ2004 እ.ኤ.አ. በኩባንያው ከፍተኛ አመራር ስብሰባዎች በፓወርፖይንት የሚዘጋጅ ስላይድ በተጻፈ ማስታወሻ እንዲተካ ያደረገው ሐሳቡ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲብራራ ፈልጎ ነበር። ቁጥር ለሚመረምር ጥቂት አባላት ላሉት ኮሚቴ ወረቀቱን ያለማመንታት እመርጣለሁ፤ ታዳሚው ሲበዛ ግን ስላይዱ ይሻላል፣ ዝርዝር ሠንጠረዡም ከገለጻው በኋላ ይታደል።