በረኪና፣ ጥራጥሬ ወይስ ታብሌት? ለመዋኛ ገንዳ የቱን ክሎሪን እንግዛ?

መርካቶ ገብተው «የገንዳ ክሎሪን አለ?» ብለው ሲጠይቁ ሻጩ የሚያስቀድመው ፐርሰንቱን ነው፦ 65፣ 70፣ 90። ፐርሰንቱ ስንት ክሎሪን እንደገዙ ይነግርዎታል፤ ክሎሪኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ውሃው ውስጥ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ግን አይነግርዎትም። ካዛንቺስም ይሁን ቦሌ፣ ለሆቴል ወይም ለአፓርትመንት ገንዳ ሲገዙ ቁም ነገሩ ይሄኛው ነው።

ዋጋውን በኪሎ አያወዳድሩ። በ50 ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ክሎሪኑን በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለመጨመር 5 ፐርሰንት በረኪና 1 ሊትር፣ 65 ፐርሰንት ጥራጥሬ (ደቃቅ ፍሬ ፍሬ የሆነው ክሎሪን) 77 ግራም ገደማ፣ 90 ፐርሰንት ታብሌት ደግሞ 56 ግራም ገደማ ይፈጃል።

በረኪና በየሱቁ አለ፤ ችግሩ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር፣ በተለይ ሙቀትና ብርሃን ካገኘው፣ እየደከመ መሄዱ ነው። ሽቶ ወይም ሳሙና የገባበት ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም። ለትንሽ የልጆች ገንዳ ካልሆነ አልመክረውም።

ጥራጥሬው (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት) ፒኤችን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ (ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል)፣ ከፍ ያደርጋል፣ ካልሲየምም ይጨምራል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች ሴራሚኩ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ይሄ ያባብሰዋል። ፒኤች 7.5 ላይ ተህዋስ የሚገድለው የክሎሪን ክፍል ግማሽ ያህል ነው፤ 8 ሲደርስ ከሩብ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የፒኤች መቀነሻውንም አብረው ይግዙ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ክሎሪኑን በሰዓታት ውስጥ ስለሚጨርሰው ማታ ማታ መጨመር ይሻላል።

ታብሌቱ (ትራይክሎር) ለሠራተኛ ምቹ ነው፤ ተንሳፋፊው ዕቃ ውስጥ ከተው ይተዉታል፣ ቀስ እያለ ይሟሟል። ፒኤችን ግን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሳይያኑሪክ አሲድ ይተዋል። ይህ አሲድ በልኩ ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቃል። ችግሩ አለመትነኑ ነው። በታብሌት በሊትር የሚጨመር እያንዳንዱ 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን 6 ሚሊ ግራም ገደማ ሳይያኑሪክ አሲድ ያስቀራል፤ በቀን በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን የሚፈጅ ገንዳ በወር በሊትር 36 ሚሊ ግራም አሲድ ያጠራቅማል ማለት ነው። ሲበዛ ክሎሪኑን ስለሚያዳክመው መለኪያው «ክሎሪን አለ» እያለ ግድግዳው አረንጓዴ ይለብሳል። መፍትሔው ውሃውን ከፊል ደፍቶ መተካት ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቦቴ ሲጠሩ ታብሌቱ ስንት እንዳስወጣዎት ያኔ ይገባዎታል።

የእኔ ምርጫ? ከቤት ውጭ ላለ ገንዳ ሳይያኑሪክ አሲዱ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ታብሌት፣ ከዚያ ወዲያ ጥራጥሬ። ጣሪያ ሥር ላለ ገንዳ ታብሌት አይግዙ፤ የሚከላከሉት ፀሐይ የለም። በነገራችን ላይ ዓይን የሚያቃጥለው «የክሎሪን ሽታ» ብዙ ጊዜ የክሎሪን መብዛት አይደለም፤ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ሳይታጠቡ የሚገቡ ዋናተኞችን ሻወር መላክ ከኬሚካል ይረክሳል።

ሁለቱንም የምትገዙ ከሆነ ማንኪያውም ባልዲውም ለየብቻ ይሁን፤ ጥራጥሬና ታብሌት ሲገናኙ እሳት ሊነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሴራሚክ የሚታጠብበት አሲድ ከየትኛውም ክሎሪን ጋር ሲነካካ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሲያሟሙም ኬሚካሉን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኬሚካሉ አይጨምሩ። ስሙና ፐርሰንቱ ሳይጻፍበት በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ክሎሪን ካጋጠመዎት፣ ጥራጥሬው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይን ስለማይለይ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።