ደሴ ላይ ክርኔን አልትራሳውንድ ታየሁ

ሦስት ሳምንት ደሴ ነበርኩ። ስለ ሆቴሉና ስለ ባጃጁ ብዙ አላወራም። ሆቴሉ ንጹህ ነው፣ ሙቅ ውሃው ግን ጠዋት ብቻ ነው። ባጃጅ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፣ ከውጭ መምጣታችሁ በጫማችሁም ቢሆን ይታወቃል። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ያመጣን ሚኒባስ ሹፌር ደግሞ የሐረጎን ዳገት በዚያ ጉም ውስጥ ስልክ እያወራ ነው የወጣው፤ እሱን አላህም ማርያምም ይጠብቁት። መጻፍ የፈለግኩት ስለ ክርኔ ነው።

የምኖረው ጀርመን ነው፣ የምሠራው መጋዘን ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ማንሳት። ቀኝ ክርኔን ከውጭ በኩል ማመም ከጀመረኝ ስምንት ወር አልፎታል። እዚያ ራጅ ተነሳሁ፣ አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩ፣ ለቀጣዩ ምርመራ የተሰጠኝ ቀጠሮ ደግሞ ሩቅ ነው። በዚህ ላይ የሰው አደራ የሞላ ሁለት ሻንጣ እየጎተትኩ መጣሁ። ቤት በገባሁ ማግስት ቡና ልቅዳ ብዬ ጀበናውን ሳነሳ ክንዴ ከዳኝ፣ አቦሉ ረከቦቱ ላይ ተደፋ። እማዬ "አብሽሪ፣ ነገ ወጌሻ እናስመጣለን" አለች። እኔ ግን ሳይታይ አላሳሽም አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙ ይቅር። ካርድ አወጣሁ፣ ከፈልኩ፣ ወረፋ ያዝኩ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ እርጉዞች ናቸው። አንዷ "ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። ክርኔን ልታይ ነው ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተራዬ ደርሶ ስገባ ባለሙያው ያንኑ ለሆድ የሚጠቀሙበትን ቆልማማ መመርመሪያ ክርኔ ላይ ሁለቴ አንሸራተተና "ምንም የለሽም" አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑ ላይ ያየሁት የሐረጎን ጉም ነው። ገንዘቤ ሄደ፣ ሕመሜ አብሮኝ ተመለሰ።

ከሁለት ቀን በኋላ የአክስቴ ልጅ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። ወረፋው ከፊተኛው የባሰ ነበር፣ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ራዲዮሎጂስቱ ገና ሳልቀመጥ "እህቴ፣ የሚያምሽን በአንድ ጣት አሳዪኝ" አለኝ። ሥራዬን ጠየቀኝ። ከዚያ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ መመርመሪያ አነሳ፣ ሊኒየር የሚሉት። የፊተኛው ለምን እንዳልሠራ ስጠይቀው ሳይሰለች አስረዳኝ። መሣሪያው የሚልከው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው፣ ገጭቶ ሲመለስ ምስል ይሆናል። የሆዱ መመርመሪያ የሚልከው ድምፅ ድግግሞሹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፣ ረቂቁን ግን አይለይም። የክርን ጅማት ያለው ከቆዳ ሥር ነው፣ ስለዚህ ድግግሞሹ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የሚሄድ መመርመሪያ ቢሆን ይመረጣል። ጠልቆ አይሄድም፣ ቅርቡን ግን አጥርቶ ያሳያል።

ጄሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ደሴ ደግሞ ደሴ ናት፣ ተንቀጠቀጥኩ። መጀመሪያ ያየው ጤነኛውን ግራ ክርኔን ነው። ጅማቱ ጎን ለጎን እንደተዘረጋ ነጭ ፈትል ነው የሚመስለው። ቀኙን ሲያሳየኝ ያው ጅማት ወፍሯል፣ ፈትሉ መሃል ላይ ጠቁሮ ተቋርጧል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ጥቁሩ ቦታ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ መጣ፣ በዶፕለር የሚታይ የደም ዝውውር ነው፤ ጤነኛው ላይ ይህ አልነበረም።

ይሄኔ በቃሽ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለም። ክርኔን አጥፌ እንድይዝ አደረገና ከኋላ በኩል አየ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ካለ እዚያ ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል። የለም። ቀጥሎ ወደ ውስጠኛው ጎን ሄደ፣ ክርናችን ጠረጴዛ ሲመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን ነርቭ ያለበት ቦታ። "እጠፊ፣ ዘርጊ፣ አሁንም እጠፊ" እያለ ነርቩ ከቦታው መውጣት አለመውጣቱን በስክሪኑ ተከታተለ። አልወጣም። ራጅ ይህን አያሳይም፣ ክንድሽን እያንቀሳቀስሽ የሚታይበት ምርመራ በመሆኑ ነው የወደድኩት። ጨረርም የለውም። አጥንት ውስጥ ግን አያይም፣ ስብራት የሚጠረጥር ሰው ራጁን አይተወው።

በሽታው የቴኒስ ክርን ይባላል አለኝ። ቴኒስ በቴሌቪዥንም አይቼ አላውቅ! የእጅ አንጓን ወደ ላይ ከሚያነሱት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ከክርን ውጨኛ አጥንት ላይ ነው የሚነሱት፣ ዕቃ ጨብጠን ስናነሳ አንጓችንን የሚይዙልን እነሱ ናቸው። መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ካርቶን ማንሳት ይጎዳቸዋል፣ ጀበናም እንደዚያው። አብዛኛው ሰው በጊዜና በስፖርት ይድናል፣ ስፖርቱን ግን ፊዚዮቴራፒ ያሳይሽ ብሎኛል። ለእማዬ የወለቀ አጥንት እንደሌለ ስነግራት ወጌሻውን ተወችው፣ ቅር እያላት።

ክፍያው ጀርመን አንድ ምሳ የምበላበትን አይሞላም። ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ጊዜ ይሰጣል። የሚያናድደው ወረቀቱ ነው። ያን ሁሉ ያሳየኝን ነገር ጸሐፊዋ ሦስት መስመር አድርጋ ሰጠችኝ፣ ምስል የለውም። ተመልሼ ገብቼ ስክሪኑን በስልኬ ላንሳ ብዬ ለመንኩ፣ ፈቀደልኝ፣ የሁለቱንም ክርን ጎን ለጎን አነሳሁ። የምትሄዱ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሊኒየር መመርመሪያ አላችሁ ወይ፣ መገጣጠሚያ የሚያይ ሐኪምስ ዛሬ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱንም እዚያው አንብቡት። የእኔ "ግራ ክርን" ይል ነበር፣ ያየሁት ቤት ገብቼ ነው፣ ለማስተካከል በማግስቱ እንደገና ከእርጉዞቹ ጋር ተሰለፍኩ።